በምስጋናው ቀን ስምህን ጠራሁ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚልዋኪ በረዶው ገባ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ ያምህ የነበረው ተሻለህ? ከመጋቢት ወዲህ ድምፅህን ስላልሰማሁ ጥያቄው ተጠራቅሞብኛል፤ ሁሉንም ባንዴ ባፈስብህ አትቀየመኝ። በእኛ በኩል የእናታችን ቤት ቆሟል፣ ጣሪያውም አያፈስም፣ ጎረቤቱም እንደምታውቀው ነው። እኔን ሰው ሲጠይቀኝ «ደኅና ነኝ» እላለሁ። አንተ ወንድሜ ስለሆንክ ግን «አለሁ» ልበልህ። መኖሩንስ አለሁ።

ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ሦስቴም መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ ሲሆን አንተም ትቸኩላለህ፣ እኔም ያሰብኩትን ሳልናገር «በል እንግዲህ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ያለፈው ሐሙስ የምስጋና ቀን ነበር። ያን ቀን በቤተ ክርስቲያን የሆነውን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ፤ ነገሩ ግን ከሩቅ ስለሚጀምር ታገሠኝ።

ማሽኑ ላይ ከተያያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት። ኩላሊቶቼ ትተውት የሄዱትን ሥራ እሱ ይሠራልኛል። ደሜ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ታጥቦ በሌላው ይመለሳል፤ እኔ ጣሪያውን እያየሁ እቀመጣለሁ። የሚወስዱኝ ዲያቆን ሩፈስ ናቸው። አርባ ማይል ነድተው፣ አራቱን ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ጋዜጣ ሲያነቡ ቆይተው፣ አርባ ማይል ይመልሱኛል። አንድ ቀን «ዲያቆን፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል እኮ፣ ሌላ ሰው ይተካዎ» ብላቸው፣ «እህቴ፣ እቤት ብውል ሚስቴ አጥር ታስቀባኛለች። ለእኔ ስትይ መታመሙን እንዳታቋርጪ» አሉኝ። እንዲህ ናቸው። የሚሰጡኝን ሁሉ ከእኔ እንደሚቀበሉ አድርገው ነው የሚሰጡኝ፤ ለማመስገኛ እንኳ ቦታ አያስተርፉልኝም።

የምግቡን ነገር ብነግርህ ትስቃለህ። የታመምኩ ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ተራ አውጥተው ምግብ ያመጡልኝ ጀመር። የስኳር ድንች በቅቤ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ በለውዝ የተጋገረ ኬክ። ሐኪሙ ደግሞ አትብዪ ብሎ የሰጠኝን ወረቀት ብታየው የእኛ ቤተ ክርስቲያን የእሁድ ማዕድ ዝርዝር ነው የሚመስልህ። አንድም አልቀረው። ደኅና ኩላሊት በሌለው ሰው ላይ ያ ሁሉ ልብ ያቆማል አለኝ። እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጃችሁ ይባረክ» እያልኩ እቀበልና ሲወጡ ለጎረቤት አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ሳልችል ሲቀር እደፋለሁ። የሰው ድካም እየደፋሁ ማልቀስ ልማዴ ሆኖ ነበር።

ያወቁብኝ እማማ ኦሲ ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ በር ማንኳኳት ግን እስካሁን አልለመዱም። አንድ ሰኞ ዘው ብለው ገብተው ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ የዐርቡ የስኳር ድንች እንደተሸፈነ አገኙት። «ልጄ፣ እጄ ከፋ እንዴ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሰሙኝ። «አሃ፣ እስካሁን መርዝ ነዋ ስንሸከምልሽ የከረምነው» አሉ። ከዚያ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የሐኪሙን ወረቀት ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሚቀጥለው እሁድ፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ፓስተሩን አስቁመው ከላይ እስከ ታች አስነበቧቸው። በዚያ ወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ የተጻፈውን ፖታሲየም «ያ ፖታሽ የሚሉት ሰይጣን» ይሉታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንች ሲያመጡልኝ ሰይጣኑ ከውሃው ጋር እንዲወጣ ሁለቴ ቀቅለው፣ ሁለቴ ውሃውን ደፍተው ነው። «እማማ፣ ታዲያ ምን ጣዕም ይተርፈዋል?» ብላቸው፣ «ጣዕሙን ሰይጣን ወስዶታል፣ ጸሎቱ ግን አልተደፋም፤ ብዪ» አሉኝ።

በላሁ። ምን አደርጋለሁ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምስጋና ቀን ወጥ ቤቱን የምመራው እኔ እንደነበርኩ ታውቃለህ። ማን ምን እንደሚጋግር የማዝዘው፣ የደከመውን ሰው ቤት ድረስ ሳህን የምልከው እኔ ነበርኩ። ስሰጥ የኖርኩትን ያህል መቀበል እንዴት እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም። አሁን በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምሰማው «ወንበር አምጡላት» የሚለውን ነው። ለፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አንድ ጣት ያህል አጥራለሁ።

አሁን ወደ ጄኔቫ ልምጣ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳዋ፣ ትልቋ ሴት፤ ሳታስታውሳት አትቀርም። ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው፣ ዜማው ግን ሁልጊዜ አንድ ርምጃ ወደ ጎን ይሄድባታል። መዘምራኑን እመራ በነበረበት ዘመን የኋላ መስመር ጥግ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት እዚያው ቆመች። አንድ ቀን ቅር ብሏት አላየሁም፤ ወይም ለማየት አልፈለግሁም።

በሰኔ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችኝና «ያንቺ ደም ዓይነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ኦ» አልኳት። «የእኔም ኦ ነው። ሁለት ኩላሊት አለኝ፣ አንዱን ውሰጂው» አለች። ትርፍ ጃንጥላ ያላት ሰው ጃንጥላ እንደምታውስ ነው ያለችው። «ጄኔቫ፣ ይኼ አይቀለድበትም» ብላት፣ «ስዘምር ነው እንጂ ስናገር መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?» ብላ ራሷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ያቆምኳት ሴት ናት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያገኘችውን ዕረፍት በሙሉ እያቃጠለች በርሚንግሃም ሐኪም ቤት ተመላለሰች። ደም ሰጠች፣ ልብዋን ለኩ፣ በማሽን ውስጥ አስተኟት። እኔ ምን አደርግ ነበር? እቀመጥና እጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ለአንተ ብሎ ሲወጋ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ የሚከፋ ሥራ አላየሁም።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ለበዓሉ ቀቅለን በበረዶ የምናቆየውን ጎመን ልንቀነጥስ እኔ ቤት ተቀምጠን ሳለ የሐኪም ቤቱን ጉድ ታወራኝ ጀመር። አንዲት ሴትዮ ለብቻዋ ክፍል አስገብታ በሩን ዘግታ አነጋገረቻት። «'እኔ የተመደብኩት ለታማሚዋ አይደለም፣ ላንቺ ነው' አለችኝ» አለች ጄኔቫ። «'ዘመድ ገፋፍቶሽ ከሆነ፣ ወይ ከፈራሽ፣ በፈለግሽው ሰዓት ተዪው። እኛ ለእሷ የምንነግራት አልተስማማም ብለን ብቻ ነው። ምክንያቱን ሰው አያውቅም፣ አንቺንም ማንም አይወቅስሽም' አትለኝም? እኔም እመቤቴ፣ በፊት ለፊት በር የገባሁ ሰው ነኝ፣ በጓሮ አልወጣም አልኳት።»

«ምንድን ነው የምንላት አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አልተስማማም። ለሁሉም ያችኑ ቃል ነው አሉ የሚሉት። እውነት ያልተስማማውም ያችኑ፣ የፈራውም ያችኑ።»

ውሃው ፈልቷል አልኳት። ምድጃው ገና አልተለኮሰም ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ የክትባት ቀን ትዝ አለኝ። አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት። ነርሷ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታ ልጆቹን አሰልፋ ስትወጋ አንተ ጠፋህ። ሄጄ የመዘምራን ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በልብሶቹ መካከል፣ ሁለት ጫማዎችህን ብቻ አየሁ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ነርሷ «እዚህስ የለም?» ብላ ስትጠይቀኝ «የለም» አልኳት። ከዚያ በሩን መልሼ ገጠም አደረግሁትና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። እናታችን ስትሞት «እሱን አደራ» ያለችኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። ይኸው ትዝታ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።

በኅዳር አጋማሽ የጄኔቫ ውጤት መጣ። ደሟ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ኩላሊት መስጠቱ ይቅርና፣ ራሷን ካልጠበቀች በጥቂት ዓመት ውስጥ እኔ ያለሁበት ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ነገሯት። ያን ቀን መኪናዋ ደጄ ቆሞ በመስኮት አየሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ አልወረደችም። በመጨረሻ ምርኩዜን ይዤ ወጥቼ ከጎኗ ገባሁ።

«ይቅር በዪኝ» አለችኝ።

«ምን አጠፋሽ?»

«ቃል ገብቼልሽ።» መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፣ የምትነዳ ይመስል። «ሰውነቴ ከዳኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ተሸክሜው ዞሬ፣ አንድ ነገር ብለምነው ከዳኝ።»

ላጽናናት ይገባኝ ነበር፤ አላጽናናኋትም። ምክንያቱም፣ ለአንተ ልናዘዝልህ፣ እኔ ተናድጄ ነበር። እሷ ላይ አይደለም፤ ማን ላይ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። አምስት ወር በሰው ኩላሊት በሐሳቤ ስኖር ነበር። በቀን የተፈቀደልኝ ውሃ አራት ስኒ ነው፤ በረዶ እየመጠጥኩ ነው የምውለው። ሲተክሉልኝ መጀመሪያ የማደርገውን ወስኜ ነበር፤ በጠዋት ተነስቼ፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት። ከዚያ ሁለተኛ መድገም። ጄኔቫ ስታለቅስ እኔ ያ ብርጭቆ ነበር የታየኝ። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ሆኛለሁ።

እማማ ኦሲ ሲሰሙ «አየሽ፣ አንቺን ላድን ብላ ሄዳ ራሷ ዳነች። ባትመረመር ሳታውቀው ይገድላት ነበር» አሉኝ። አፌ አሜን አለ። ልቤን ግን እስካሁን እየለመንኩት ነው።

በዓሉ ሐሙስ ስለዋለ ማሽኑን ወደ ረቡዕ አዛወሩልን። እናም ሐሙስ ጠዋት እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ ዲያቆን ሩፈስ ወሰዱኝ። እንዳልሄድ አስቤ ነበር። በዚያ ቀን ልማዱን ታውቃለህ፤ ከመዝሙሩ በኋላ የፈለገ ሰው እየተነሳ ምን እንዳመሰገነ ይናገራል። እኔ ምን እላለሁ? አልዳንኩም፣ የምድንበትም አይታየኝም። ተነስቼ ብዋሽ እግዚአብሔር ይሰማኛል፣ ተነስቼ እውነቱን ብናገር የሰውን በዓል አበላሻለሁ።

ሰዎቹ ተራ በተራ ተነሱ። አንዱ ለልጁ ሥራ አመሰገነ፣ ሌላዋ ለዝናቡ። ፓስተሩ ሆን ብለው ወደ እኔ አይመለከቱም ነበር። ከዚያ ጄኔቫ ከኋላ ተነሳች። «ሄድኩ፣ አልሆነም» አለች። «መሄዱን ስለፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።» ብላ ቁጭ አለች። አሜን የሚል እንኳ ጠፋ።

ያኔ ሳላስበው ቆምኩ። ወንበር አምጡላት ያለ የለም። የሰው ስም ከመጥራት በቀር የምለው አልነበረኝምና ስም መጥራት ጀመርኩ። ዲያቆን ሩፈስን ስለ አርባው ማይል፣ እማማ ኦሲን ስለ ወረቀቱ፣ ድንቹን ሁለቴ የቀቀሉትን ሁሉ አንድ በአንድ። ጄኔቫ ጋ ስደርስ ዞሬ አየኋትና «ዘጠኝ ዓመት ከኋላ አቁሜሻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በዪኝ» አልኳት። «እህቴ፣ ዜማዬ መጥፎ መሆኑንማ እኔም አውቀዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ነበር።

ሳቁ ሳያልቅ ያንተን ስም ጠራሁ።

እንዲህ አልኩ፦ «ሚልዋኪ ታናሽ ወንድም አለኝ። በየካቲት ሥራውን ትቶ ለእኔ ብሎ ሐኪም ቤት ሄዶ ክንዱን ዘርግቷል። ከልጅነቱ መርፌ የሚፈራ ሰው ነው። ሐኪሞቹ አልተስማማም አሉ። እስከዚያ ድረስ ስለሄደልኝ ግን አመሰግናለሁ።»

ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት የለበትም። መልሰህ አንብበው፣ አንድም ቃል ሐሰት የለበትም።

አሜን አሉልህ፣ ወንድሜ። ጄኔቫን ፈራሁ፤ ቀና ብዬ ሳያት እኔኑ ነበር የምታየው። የጎመኑን ቀን እንዳስታወሰች ከዓይኗ አወቅሁ። ከሁሉም ጮክ ብላ አሜን ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ምሳው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እማማ ኦሲ ለሳምንት ያህል ሴቶቹን ሁሉ አስጠንቅቀው፣ የመላው ቤተ ክርስቲያን ማዕድ በእኔ ወረቀት ተሠርቶ ጠበቀኝ። ጨው የለ፣ ባቄላ የለ፣ ድንቹ ሁለቴ ተቀቅሎ ወረቀት ወረቀት ይላል። ለእኔ ለብቻዬ ሳህን እንዳይቀርብልኝ ነው። ዲያቆን ሩፈስ ከተርኪው ሥጋ አንድ ጉርሻ ቀምሰው «ይኼ ተርኪ ታሞ ነው እንዴ የሞተው?» ቢሉ፣ እማማ ኦሲ «ዝም ብለህ ብላ፣ ያንተ የአንድ ቀን ነው» አሏቸው። መቶ ሃያ ሰው ያንን አልጫ ምግብ ጠራርጎ በላ። ጄኔቫም ከጎኔ ተቀምጣ፣ ኬኩን እያየች፣ አልነካችውም። እኔ ብዙ አልበላሁም። ይህን ያህል ሰው እየወደደህ ምንም ሊያደርግልህ አለመቻሉን ስታይ፣ አንተም ለእነሱ ምንም ማድረግ አለመቻልህን ስታይ፣ ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘመርን፤ እሱን ነው የቻልነው።

አሁን ስለ ጤናዬ እውነቱን። የማሽኑ መርፌ የሚገባበት የግራ ክንዴ ደም ሥር ደክሟል። ከገና በኋላ በቀኙ እንሞክራለን ብለዋል። እሱ ሲደክምስ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ተራ ጠባቂዎች መዝገብ ላይ ስሜ አለ፤ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አለ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝን ብዬ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ነው።

የምለምንህ ነገር አለኝ። ለገና ና። ልጆቹን ይዘህ ና፣ ካልሆነም ብቻህን ና። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። ማንም ምንም አይጠይቅህም። ስለ መጋቢቱ ስልክ እኔ አላነሳም፣ አንተም አታንሳው። ሐኪሞቹ ያሉት አንዲት ቃል ናት፤ እሷ ለሁላችንም ትበቃናለች። ያን ቀን «አልተስማማም» ብለኸኝ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ አንድም ጊዜ አለመደወልህን ሳስብ፣ ከእኔ ይልቅ የታመምከው አንተ እየመሰልከኝ መጣህ። ወንድሜ፣ ኩላሊት ማጣቴን እየቻልኩት ነው። አንተን በላዩ ላይ ማጣት ግን አልችልም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ በሥራህ ሞገስ ይስጥህ። ስትተኛ እንቅልፍ፣ ስትነቃም ቀና ብለህ የምትሄድበት ልብ ይስጥህ። የከበደህን ነገር እሱ ያውርድልህ፤ እኔ በበኩሌ ካወረድኩት ቆይቻለሁ።

የምትወድህ፣
ታላቅ እህትህ